አውቶብሱ ለአረጋውያን እንዲመች፦ ከፌርማታ እስከ ወንበር ምን እናድርግ?

አዲስ አበባ ውስጥ፣ አውቶብስ ላይ ወጣት ተቀምጦ አዛውንት ሲቆሙ ማየት ብዙም የተለመደ አይደለም። ነጠላቸውን የለበሱ እናት ገብተው ብረት ሲይዙ "እማማ፣ ይቀመጡ" የሚል አይጠፋም። ችግሩ ያለው ወንበሩ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ነው። በሩ ላይ ግፊያ አለ፣ የመጀመሪያው መወጣጫ ከጉልበታቸው አቅም በላይ ነው፣ ሹፌሩም እሳቸው ሳይቀመጡ ይነሳል። "ለአረጋውያን ወንበር ይልቀቁ" የሚል ወረቀት በመለጠፍ የሚጀምር ሰው፣ ሕዝቡ ቀድሞውንም የሚያደርገውን አሳስቦ ዋናውን ሥራ ትቶታል።

ይህ መመሪያ ለእድር ኮሚቴዎች፣ ለወረዳ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች፣ ለሰፈር ወጣቶችና አውቶብስ ድርጅት ውስጥ በስምሪት ላይ ለሚሠሩ ሰዎች የተጻፈ ነው። ምሳሌዎቹ ከአዲስ አበባ ናቸው፤ የከተማ አውቶብስ ባለበት ሌላ ከተማም ይሠራሉ። አረጋዊ ስል እንደ አገራችን ልማድ 60 ዓመት የሞላውን ማለቴ ነው። አብዛኛው ነገር አዲስ አውቶብስ መግዛት አይጠይቅም። በቅድሚያ የሚያስፈልገው ትዕግሥት፣ ሜትር፣ ደብተርና ትንሽ ቀለም ነው።

መጀመሪያ፦ መሳፈር የተዉትን ጠይቁ

ፌርማታ ላይ የቆሙትን ብቻ ከጠየቃችሁ የምታገኙት መልስ ጎደሎ ይሆናል። እነሱ አሁንም ቆመው መጠበቅ የቻሉት ናቸው። ይበልጥ መጠየቅ ያለባቸው አውቶብስ እርግፍ አድርገው የተዉት ናቸው። እነሱን እድር ስብሰባ ላይ፣ ሰንበቴ ላይ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊድ ግቢ ውስጥ፣ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል በሚደረግበት ጤና ጣቢያ ታገኟቸዋላችሁ። ቤት የዋሉትን ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያውቋቸዋል።

"ምን ይቸግርዎታል?" የሚል ጥያቄ ብዙ አያስገኝም። የእኛ አባቶችና እናቶች ማማረር አይወዱም፤ "ተመስገን፣ ደህና ነው ልጄ" ብለው ያልፉታል። ይልቅ ስለ አንድ ጉዞ ጠይቁ። "መጨረሻ ለቀጠሮ የሄዱ ቀን ከቤት በስንት ሰዓት ወጡ? ማን አብሮዎት ነበር? የት ቆመው ጠበቁ? ስንት አውቶብስ አመለጠዎት? ሲወርዱ ማን ደገፈዎት?" እንዲህ ሲጠየቁ ታሪኩ በራሱ ይወጣል። "ልጄ ከሥራ ቀርታ ወሰደችኝ" የሚል መልስ ስትሰሙ በደንብ መዝግቡት። የአንድ ሰው የቀን ገቢ በአውቶብሱ አለመመቸት እንደቀረ የሚያሳይ ነውና ለኃላፊ ስታስረዱ ጉልበት ይሆናችኋል።

ሳይጠየቁ የማይነግሯችሁ አንድ ነገርም አለ፤ የመጸዳጃ ጉዳይ። ጉዞው ረጅም ሲሆን ብዙዎች ከማለዳ ጀምሮ ውኃ አይጠጡም፤ ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አንዳንዶች ደግሞ የጉዞ ቀን መድኃኒቱን ይዘሉታል። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህን ሴቶቹን ሴት ብትጠይቃቸው በቀላሉ ይናገራሉ። ከመነሻው ወይም ከፌርማታው አጠገብ ያለ ካፌ፣ ባንክ ወይም ቤተ ክርስቲያን መጸዳጃውን ለአዛውንቶች እንዲፈቅድ ማነጋገር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ቀጥሎ፦ አንድ መስመር ምረጡና አብራችሁ ተጓዙ

ከተማውን በሙሉ እናስተካክል ብላችሁ አትነሱ። ወደ ሆስፒታል የሚወስድ አንድ መስመር ይበቃችኋል፤ ወደ ጥቁር አንበሳ፣ ወደ ጳውሎስ፣ ወይም ብዙ አረጋውያን ለዓይን ሕክምና ወደሚሄዱበት ወደ ምኒልክ። ፈቃደኛ የሆኑ አዛውንት አግኝታችሁ በቀጠሯቸው ቀን ከቤታቸው በር እስከ ሆስፒታሉ በር አብራችሁ ሂዱ።

እጃቸውን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን የምትመዝኑት የራሳችሁን ጉልበት ነው። ቢደናቀፉ ልትይዟቸው በምትችሉበት ርቀት፣ ከኋላ ተከተሉ። ስልካችሁ ላይ ያለውን ሰዓት ተጠቀሙ። ከቤት እስከ ፌርማታ ስንት ጊዜ ቆመው አረፉ? የት? ብዙ ጊዜ ዳገቱና የመንደሩ ኮብልስቶን ከአውቶብሱ በፊት ያደክማቸዋል። በኮሪደር ልማት የተሠሩት እንደ ፒያሳና አራት ኪሎ ያሉ መንገዶች ሰፊና ደልዳላ የእግረኛ መንገድ አግኝተዋል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው መንገድ ግን የአዛውንቱ የዕለት ፈተና ሆኖ ቀርቷል።

በሩ ላይ ሲደርሱ በደንብ ተመልከቱ። አንድ እጅ ከዘራ ይዟል፣ ሌላው እጅ የራጅ ፊልምና የመድኃኒት ፌስታል፤ ነጠላው ከትከሻ እየተንሸራተተ ነው። ትኬት ለመቁረጥ ደግሞ ከመቀነት ወይም ከኪስ ገንዘብ መውጣት አለበት። የሚያዙበት ብረት ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተተከለ ከሆነ፣ ለመያዝ አስቀድመው አንድ እግር መወጣጫው ላይ ማድረግ ይኖርባቸዋል። በዚህች ቅጽበት ከኋላ የመጣ ትከሻ ትንሽ ቢነካቸው ሚዛናቸውን ይስታሉ። ሙሉውን ችግር በአንድ ቦታ የምታዩት እዚህ ነው።

ከዚያ ለኩ። ከአስፋልቱ እስከ መጀመሪያው መወጣጫ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? የቤት ደረጃ አንዱ እርከን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ነው። የአውቶብሱ የመጀመሪያ መወጣጫ ከዚህ እጥፍ ሆኖ ካገኛችሁት የአዛውንቱ ጉልበት ለምን እንደሚርድ ግልጽ ነው። አውቶብሱ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ምን ያህል ርቆ እንደቆመ፣ አዛውንቱ ከገቡ በኋላም በስንት ሰከንድ እንደተነሳ ጻፉ። ሦስት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ በኋላ ለአውቶብስ ድርጅቱ የምትጽፉትን ደብዳቤ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

ሰልፉ በሩ ላይ እንዳይፈርስ

ሕዝባችን መሰለፍ ያውቃል። ሰልፉ የሚፈርሰው አውቶብሱ ከሰልፉ ራስ አልፎ ወይም ወደኋላ ቀርቶ ሲቆም ነው። ያን ጊዜ ከኋላ የነበረው በሩ ፊት ይሆናል፣ ሰው ይሮጣል፣ መሮጥ የማይችሉት ይቀራሉ። ስለዚህ ስለ ሥነ ምግባር ከመስበክ በፊት በሩ የት እንደሚቆም መሬት ላይ አስምሩ። ከመስመሩ ጎን ሌላ አጭር መስመር ይሰመርና የአረጋውያን፣ የነፍሰ ጡሮችና የአካል ጉዳተኞች መቆሚያ ይሁን።

ሥርዓቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ታክሲ ተራ ላይ ተራ አስከባሪዎች ይህን ሥራ በየቀኑ ይሠሩታል፤ ድምፃቸው ይሰማል፣ ሰዉም ያውቃቸዋል። ከእነሱ ማኅበር ጋር ተነጋግሮ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት አንድ ሰው በአውቶብስ ፌርማታው ላይ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። የእሱ ሥራ ሦስት ነገር ነው፦ ወራጆችን ማስጨረስ፣ አረጋውያንን ማስገባት፣ ከዚያ ሰልፉን መልቀቅ። አዛውንቶቹ እየተጎተቱ ወይም ከወገብ እየተገፉ መግባት የለባቸውም። ክንዱን አጠፍ አድርጎ ይስጣቸው፣ እነሱ ራሳቸው ይያዙት። ሰው በፈለገው ልክ ሲደገፍ ሚዛኑን አይስትም፣ ክብሩም አይነካም።

ገንዘቡም ከበሩ ይውጣ። ትኬት ቆራጩ አዛውንቱ ከተቀመጡ በኋላ ቢያስከፍል ማንም የሚጎዳ የለም። እኔ ይህን ከሁሉ አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ምንም ወጪ የለውም፣ ነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል።

ሹፌሩ፦ ትልቁ ለውጥ እዚህ ነው

በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች የሚስማሙበት ነገር አለ። አረጋውያን አውቶብስ ውስጥ የሚጎዱት በአብዛኛው በመኪና ግጭት አይደለም። አውቶብሱ ድንገት ሲነሳ፣ ፍሬን ሲይዝና ሲታጠፍ ወድቀው ነው። በዚያ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ማለት ወራት አልጋ ላይ መዋል፣ አንዳንዴም ዳግም አለመነሳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ለአረጋውያን ስለሚመቹ ከተሞች ባወጣው መመሪያ ሹፌሮች ተሳፋሪው እስኪቀመጥ እንዲጠብቁና ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ተጠግተው እንዲቆሙ ያሳስባል። እነዚህ ሁለት ልማዶች ቢያዙ የሥራው ግማሽ የተሠራ ያህል ነው።

መጠጋት ለምን ይህን ያህል ይጠቅማል? የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ከአስፋልቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል። አውቶብሱ ተጠግቶ ከቆመ ያ ከፍታ ከመጀመሪያው መወጣጫ ላይ ይቀነሳል፤ መወጣጫው የቤት ደረጃ ያህል ይሆናል። ግማሽ ሜትር ርቆ ከቆመ ግን አዛውንቱ መጀመሪያ ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ፣ ከዚያ ሙሉውን ከፍታ ይወጣሉ። በክረምት ደግሞ በመካከል ያለው ጎርፍ ነው።

ሹፌሩ የማይጠጋው ግን ሁልጊዜ በግዴለሽነት አይደለም። ፌርማታው ላይ ሚኒባስ ወይም ላዳ ቆሞ ይሆናል። ስለዚህ ሹፌሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ፌርማታውን አስለቅቁ፤ ይህ የትራፊክ ፖሊስና የትራፊክ ማኔጅመንት ሥራ ነው።

መጠበቅን በተመለከተም ከሹፌሩ ወገን ቆማችሁ አስቡ። ሥራው የሚለካው በቀኑ በሠራው ምልልስ ብዛት ከሆነ፣ "እማማ እስኪቀመጡ ልጠብቅ" ያለ ሹፌር በደግነቱ ይቀጣል። ሒሳቡ ይህን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። በ15 ፌርማታ ላይ 8 ሰከንድ ቢጠብቅ በጠቅላላው 120 ሰከንድ፣ ማለት 2 ደቂቃ ነው። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ አደባባይ ላይ በአንድ መጨናነቅ የሚባክነው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። የስምሪት ክፍሉ ሆስፒታል ላይ በሚያልፉ መስመሮች ለአንድ ምልልስ ጥቂት ደቂቃ ቢጨምር ሹፌሩ ሳይፈራ ይጠብቃል። ይህ በቃል ሳይሆን በስምሪት ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ሹፌሩ በስፖኪዮና በውስጥ መስታወት ያያል፤ አውቶብሱ ሞልቶ ማየት ካልቻለ ትኬት ቆራጩ "ቆይ!" ይላል፣ አዛውንቱ ሲቀመጡ "ሂድ!" ይላል። ሲወርዱም እንዲሁ። አዛውንቶች ከመቆሙ በፊት ተነስተው ወደ በሩ የሚሄዱት "ሳልወርድ ይሄድብኛል" ብለው ስለሚሰጉ ነው፤ ድምፃቸው ደክሞ "ወራጅ አለ!" ቢሉም አይሰማ ይሆናል። ትኬት ቆራጩ ሲያስከፍል "የት ነው የሚወርዱት?" ብሎ ይጠይቅ፤ "አባባ፣ ይቀመጡ፣ ስንቆም እኔ እነግርዎታለሁ" ይበል። ቃሉንም ይጠብቅ። አንድ ጊዜ ከታመነ በሚሄድ አውቶብስ ውስጥ የሚቆም አዛውንት ይቀንሳል።

የሹፌሮች ሥልጠና ካለ ግማሽ ቀን ለዚህ ይሰጥ። ንግግር አይበዛበት። ሹፌሮቹ ከዘራ ይዘው፣ ጉልበታቸው እንዳይታጠፍ በፋሻ ተጠምጥሞ፣ ብዥ የሚያደርግ መነጽር አድርገው የራሳቸውን አውቶብስ ይሳፈሩ፤ ባልደረባቸው እንደ ወትሮው ይንዳው። ከዚያ በኋላ ማስረዳት አያሻም።

ፌርማታው

አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጥላ። የአግዳሚው ቁመት 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ዝቅ ካለ ተቀምጦ መነሳት ይከብዳል። ጎኑ ላይ ተደግፈው የሚነሱበት መያዣ ይኑረው። ጥላው አውቶብሱ ሲመጣ የሚታይበትን አቅጣጫ አይከልል። ፌርማታው ሥር ውኃ የሚቋጥር ጉድጓድ ካለ እሱ ይደፈን፤ ከጥላው ይቀድማል። አግዳሚ ማሠራት በአንድ እድር አቅም የሚቻል ነው፤ ከመትከል በፊት ግን የእግረኛ መንገዱን ከሚያስተዳድረው ከከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ፈቃድ ጠይቁ፤ ያለ ፈቃድ የተተከለ ይነሳል።

በዳገቱ መሀል፣ ወደ ፌርማታው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ ማረፊያ ድንጋይ ወይም አጭር አግዳሚ ማስቀመጥ ከምትገምቱት በላይ ይጠቅማል።

ወንበር፣ ቀለምና ጽሑፍ

ለአረጋውያን የሚለዩት ወንበሮች ከሚወርዱበት በር አጠገብ፣ ወደ ፊት የሚያዩና ከጎማው ቤት ላይ ከፍ ብለው ያልተሠሩ ይሁኑ። የመወጣጫዎቹ ጠርዝ በደማቅ ቢጫ ይቀባ፤ የዓይን ሞራ ያለበት ሰው ግራጫ ብረት ከግራጫ ወለል አይለይለትም። መያዣ ብረቶችም ቢጫ ቢሆኑ መልካም ነው።

አዛውንቶች አውቶብሱን የሚያውቁት በቁጥሩ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ቁጥር ከሩቅ መነበብ አለበት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ደንብ የፊቱ ቁጥር ቁመት ከ20 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ ታዛለች፤ ለእኛም ጥሩ መለኪያ ነው። ማንበብ ለማይችሉ ወይም ለማያዩ ትኬት ቆራጩ በሩ ሲከፈት መድረሻውን ጮክ ብሎ ይጥራ። ሚኒባስ ረዳቶች ይህን የሚሠሩት ያለ ማንም ማሳሰቢያ ነው።

ሰዓቱን ማስተካከል፤ አንዳንዴ መፍትሔው ከአውቶብሱ ውጭ ነው

አረጋውያን ግፊያ ውስጥ የሚገቡት ቀጠሯቸው ሁሉ ጠዋት 2 ሰዓት ስለሚሆን ነው። ሠራተኛውም ተማሪውም የሚጓዘው በዚያው ሰዓት ነው። ጤና ጣቢያው የግፊትና የስኳር ክትትል ያላቸውን አረጋውያን ከ4 ሰዓት በኋላ ቢቀጥር ተሳፋሪው ቀለል ባለ ጊዜ ይመጣሉ። በባዶ ሆድ የሚሰጥ ምርመራ ያለባቸውን ግን ለይታችሁ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። አንድ ጤና ጣቢያ በዚህ ከተስማማ፣ ማንም አውቶብስ ሳይጨምር የብዙ ሰው ጉዞ ይቀላል።

ሌላው የእኛ ከተማ የራሷ መልክ ነው። የአረጋውያን ጉዞ የቀን መቁጠሪያ አለው። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፤ ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ መርካቶ አንዋር መስጊድ። ይህ ሁሉ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። የስምሪት ክፍሉ በግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አይቶ፣ በእነዚህ ቀናት ወደ ደብሩ በሚወስደው መስመር ቅዳሴ በሚያልቅበት ሰዓት አንድ አውቶብስ ቢያዘጋጅ ትልቅ እፎይታ ነው። እድሩና የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ሰዓቱን በጽሑፍ ቢያሳውቁ ሥራው ይቀላል።

ስለ ክፍያ አጭር ነገር ልበል። ክፍያው በስልክ እየሆነ ሲሄድ አረጋውያን እንዳይቀሩ ጥሬ ገንዘብ መቀበል አይቁም። ቴሌብር በቁልፍ ስልክም *127# ተደውሎ ይሠራል፤ ነገር ግን የሚስጥር ቁጥራቸውን ለማያውቁት ሰው እየነገሩ እንዲከፍሉ ማድረግ ለዘረፋ ያጋልጣቸዋል።

ለአዛውንቶቹ ራሳቸው

እድር ላይ የምትነግሯቸው ጥቂት ነገር ይኑራችሁ። ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የሚያመው እግር ይቅደም። ፌስታሉ ይቅርና በትከሻ የሚንጠለጠል ቦርሳ ይያዝ፤ ሁለት እጅ ነጻ ይሁን። የትኬቱ ገንዘብ ከቤት ተቆጥሮ በአንድ ኪስ ይቀመጥ። ነጠላው ከመሳፈር በፊት ይታሰር። አውቶብሱ ሳይቆም አይነሱ።

ደብዳቤውና ክትትሉ

ጥያቄያችሁ አንድ ገጽ ይሁን። ሕግ መጥቀስ ካስፈለጋችሁ ሁለት ይበቃል፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል፤ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 ትራንስፖርት ተደራሽ እንዲሆን ይጠይቃል። ከሕጉ ይልቅ ግን ልኬታችሁ ያሳምናል። አጻጻፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"ጉዳዩ፦ በጤና ጣቢያው ፊት ለፊት በሚገኘው ፌርማታ ላይ የማቆሚያ መስመር እንዲሰመር ስለመጠየቅ። እኛ የእድሩ አባላት ከአረጋውያን አባሎቻችን ጋር በፌርማታው ባደረግነው ምልከታ፣ አውቶብሶች ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ርቀው ለመቆም እንደሚገደዱ ለክተን አረጋግጠናል። ምክንያቱ በቦታው የሚቆሙ ሌሎች ተሽከርካሪዎች ናቸው። ልኬቱን ከዚህ ጋር አያይዘናል። ቦታው ለአውቶብስ ብቻ ተለይቶ እንዲሰመርና ሹፌሮች አረጋውያን እስኪቀመጡ እንዲጠብቁ በስምሪት ወረቀት ላይ እንዲታዘዝልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የቀለሙን ወጪ እድራችን ይሸፍናል።"

ዋናው ለአውቶብስ ድርጅቱ፣ ግልባጭ ለከተማው ትራንስፖርት ቢሮ፣ ለትራፊክ ማኔጅመንትና ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይሁን። መዝገብ ቤት ገቢ አድርጋችሁ ቁጥሩን ያዙ፤ ስትከታተሉ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈ በአካል ሂዱ፣ ከአንድ አዛውንት ጋር። እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ።

ለውጡ ከተጀመረ በኋላ በዚያው መስመር፣ በዚያው ሰዓት እነዚያኑ ሦስት ቁጥሮች ድጋሚ ለኩ፦ ከፍታውን፣ ከጠርዙ ያለውን ርቀት፣ እስኪነሳ ያለውን ሰከንድ። የተሻሻለውን ለሹፌሮቹና ለትኬት ቆራጮቹ ስማቸውን እየጠራችሁ ተናገሩ፤ ሲመሰገኑ አይተው ሌሎቹም ይከተላሉ። ያልተሻሻለውን ለስምሪት ክፍሉ መልሱ። ክረምት ሲወጣ የመሬቱ ቀለም ታጥቦ ስለሚሄድ፣ መስከረም ላይ ድጋሚ ለመቀባት ገንዘቡን ከወዲሁ በእድሩ በጀት ውስጥ አስገቡ፤ ሁለተኛውን መስመር የምትጀምሩትም ያን ጊዜ ነው።